ልጆች ይዞ ዊንተር ላይ ቶሮንቶ

ልጆች ይዤ ዲሴምበር ላይ ቶሮንቶ ልሄድ ነው ስል ዳላስ ካሉ ጓደኞቼ ያልተቆጣኝ የለም፣ ሰው ከብርድ ይሸሻል እንጂ ቲኬት ቆርጦ ይሄድበታል ወይ ምናምን፣ አንዷማ «ልጆቹ ምን አደረጉሽ?» ብላኛለች። ግን ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነው፣ እትዬ (ታላቅ እህቴ ናት) ልጆቼን የምታውቃቸው በቪዲዮ ብቻ ነው፣ ልጆቹም በረዶ በረዶ እያሉ ነዝንዘው ገድለውኛል። ባለቤቴ ሥራ ስለያዘው እኔ፣ ሚጡና ማሙሽ ሆነን ሄድን። በነገራችን ላይ ከአባትና ከእናት አንዱ ብቻ ከሆነ ልጆቹን ይዞ የሚሄደው፣ የሌላኛውን የፈቃድ ደብዳቤ መያዝ ጥሩ ነው፣ እኔን ኤርፖርት ላይ ጠይቀውኛል፣ ባለቤቴ ፈርሞ ኖታራይዝ አስደርጎ ስለሰጠኝ ወዲያው አለፍን።

እትዬ ከመምጣታችን በፊት «ከዚያ ምንም እንዳትገዢ፣ ዳላስ ጃኬት የምትሉት እዚህ ሹራብ ነው» ብላኝ ነበር። ስንደርስ ሳሎኑ ላይ አንድ ክምር ልብስ ጠበቀን፣ ከፊሉን ቫልዩ ቪሌጅ ገብታ የገዛችው፣ ከፊሉን ደግሞ ከጎረቤት ልጆች የለመነችው። ሰልባጅ ነው እንግዲህ፣ ግን ልጅ በየዓመቱ ስለሚያድግ እዚያ ስኖው ፓንት (የበረዶ ሱሪ) እስኪያልቅ የሚለብስ የለም፣ አብዛኛው አዲስ ነው የሚመስለው። አንድ ነገር የተማርኩት ጓንት ላይ ነው፣ ለልጅ ጣት ጣቱ የተለያየው አይሆንም፣ አራቱ ጣት አንድ ላይ የሚገቡበት ሚትን የሚሉት ነው የሚሻለው፣ ጣቶቹ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ። አለባበሱም ተራ አለው፣ መጀመሪያ ስኖው ፓንት፣ ከዚያ ቡትስ፣ ከዚያ ጃኬት፣ ጓንት መጨረሻ ላይ፣ ቡትሱን ያስቀደመ ልጅ ሱሪው አያልፍለትምና አውልቆ እንደገና ነው። ይሄን ሁሉ ጨርሳችሁ በር ስትከፍቱ «ማሚ ሽንቴ መጣ» እንደሚባል ልጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል።

ጉዱ ግን በረዶ የሚባል ነገር አልነበረም። ዝናብ! ማሙሽ በመስኮት አየና «ማሚ ይሄ እኮ ዳላስ ነው» አለኝ። ለካ ቶሮንቶ ገና ሰሞን ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ የኦንታሪዮ ሐይቅ ጥልቅ ስለሆነ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ዳሩ ላይ ያለውን ከተማ ትንሽ ያሞቀዋል፣ ከሐይቁ ራቅ ስትሉ ነው በረዶው ቀድሞ የሚጥለው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ጣሪያ ያለበት ቦታ ቦታውን ነው የዞርነው። አለን ጋርደንስ የሚባል በ1910 የተሠራ የመስታወት ቤት ያለበት መናፈሻ አለ፣ መግቢያው ነፃ፣ ውስጡ ሞቃት፣ ሙዝ፣ ዘንባባ፣ ቁልቋል፣ ከውጭ ስትገቡ መነጽር ወዲያው በእንፋሎት ይሸፈናል፣ ጃኬት አውልቆ አንድ ሰዓት መቀመጥ ነው። ሲኤን ታወር የሚሉት 553 ሜትር የሚረዝም ማማ ላይ አልወጣንም፣ ደመና ለማየት ያን ሁሉ ገንዘብ አልከፍልም አልኩ፣ ጫፉ እኮ ከታች እንኳን አይታይም ነበር። ባቡርና አውቶቡሱ ለልጅ እስከ 12 ዓመት ነፃ ነው፣ ይሄ ኪሴን ብዙ አዳነው።

ስኬቲንግ (በረዶ ሜዳ ላይ በጫማ መንሸራተት) ግን ስኖው አይጠብቅም፣ ሜዳው ከስሩ ማቀዝቀዣ ቱቦ አለው። ከተማው ውስጥ ከ50 በላይ የውጭ ስኬቲንግ ቦታ አለ፣ በነፃ፣ ጫማ ከሌላችሁ ብቻ ነው ኪራይ የምትከፍሉት። እኛ መጀመሪያ የሄድነው ሲቲ ሆል ፊት ለፊት ያለው ኔታን ፊሊፕስ ስኩዌር ነው፣ ትልልቅ ፊደል ቶሮንቶ የሚለው ሁሉም ሰው ፎቶ የሚነሳበት ቦታ። ከዩኒየን ባቡር ጣቢያ እስከዚያ ፓዝ በሚሉት የመሬት ውስጥ መንገድ ነው የሄድነው፣ 30 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሱቅ በሱቅ የሆነ መንገድ ከመሃል ከተማው ስር ተዘርግቷል፣ ብርድ ሳይነካን ወጣን።

ጋሼ (የእትዬ ባል) ተንበርክኮ የልጆቹን ጫማ ሲያስር ማየት ነበር። ጣት በኩል ላላ፣ ቁርጭምጭሚት ጋ ሲደርስ ጉልበቱን ተጠቅሞ ግጥም፣ ከዚያ ጣቱን ማሰሪያው ስር ለማስገባት ይሞክራል፣ ጣቱ ከገባ እንደገና ይፈታዋል። «ቁርጭምጭሚቱ ከላላ ልጁ በእግሩ ሳይሆን በጎኑ ነው የሚሄደው» ይላል። ሚጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ እጄን ጥላኝ ሄደች፣ እኔ አጥሩን ሙጭጭ ብዬ ቀረሁ። ማሙሽ ደግሞ ስኬቲንጉን ትቶ ዛምቦኒ ላይ ፍቅር ያዘው። ዛምቦኒ በረዶውን የሚያስተካክለው መኪና ነው፣ ሰው ሁሉ ከሜዳው ይወጣለታል፣ ፊቱ የተቧጨረውን እየላጨ ይሰበስባል ከኋላው ደግሞ ውሃ እየቀባ ይሄዳል፣ ያለፈበት እንደ መስታወት ያበራል፣ ልጁ እስኪጨርስ ድረስ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ አፉን ከፍቶ ቀረ፣ ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ ስትሉት ፓይለት ነበር የሚለው፣ አሁን የዛምቦኒ ሹፌር ሆኗል። ሌላ ቀን ደግሞ ቤንትዌይ ሄድን፣ በ2018 የተከፈተ፣ ጋርዲነር የሚሉት የመኪና መንገድ ከላይ እያለፈ ከድልድዩ ስር የተሠራ 220 ሜትር መንሸራተቻ፣ ክብ ሜዳ ሳይሆን እንደ መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ ለኔ ለጀማሪዋ ይሄኛው ተመችቶኛል፣ ግፊያ የለውም።

ከዚያ አንድ ሌሊት በረዶው ጣለ። ጠዋት ስንነሳ መኪናው የለም፣ ጉብታ ብቻ። ልጆቹ ቁርስ አልበሉም በቃ። እትዬ ሪቨርዴል ፓርክ ወሰደችን፣ ብሮድቪው መንገድ ዳር ያለ ሰፊ ተዳፋት ነው፣ ከላይ ሆናችሁ የመሃል ከተማው ፎቅ ሁሉ ፊት ለፊት ይታያል። ዝም ብሎ የትም ኮረብታ ላይ አይንሸራተቱም ደግሞ፣ ከተማው በ2024 አደጋ አለው ብሎ 45 ኮረብታ ላይ ክልክል ነው የሚል ታፔላ ተክሏል፣ ስለዚህ ዛፍና አጥር የሌለበትን መርጦ ነው መንሸራተት። ሰው ስሌድ (ተቀምጠው የሚንሸራተቱበት) ይዟል፣ የፕላስቲክ ሳህን የሚመስል ይዟል፣ ካርቶን የያዘም አለ። መውረዱ ጥቂት ሴኮንድ፣ መውጣቱ ነው ጉዱ፣ በዚያ ቡትስ። እትዬ መጀመሪያ ቆማ ፎቶ ስታነሳ ነበር፣ ከቤተክርስቲያን እንደተመለሰች ስለወሰደችን ነጠላዋ ከጃኬቷ ስር ነው፣ ሚጡ «አክስቴ አንዴ ብቻ» ብላ ለመነቻት፣ ተቀመጠች፣ «በስመ አብ» አለችና ወረደች፣ ነጠላው ከኋላዋ እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ፣ ታች ደርሳ ተገልብጣ በረዶ ውስጥ ሆና ስትስቅ ድምጿ እኛ ጋ ይሰማል። ከዚያ ማን ያስቁማት! ልጆቹ ተራ ሊጠብቁ ሆነ።

ናያግራ ፏፏቴ የሄድነው ብርዱ በጣም ከበረታ በኋላ ነው፣ 130 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ጋሼ ነዳው። በበጋ ሰው ወደ ፏፏቴው የምትወስድ መርከብ አለች፣ በዊንተር ትቆማለች፣ ስለዚህ ምን አለ ብዬ ነበር፣ ግን እኔ ከጉዞው ሁሉ የምመርጠው እሱን ነው። ከፏፏቴው የሚነሳው ጭጋግ አጥሩ ላይ፣ መብራቱ ላይ፣ ዛፉ ላይ እያረፈ በረዶ ይሆናል፣ ቅርንጫፉ ሁሉ ወፍራም መስታወት ለብሷል፣ የሚጡ የዓይኗ ሽፋሽፍት እንኳን ነጭ ሆኖ ነበር። በሊፍት 38 ሜትር ወደ ታች ተወርዶ ከፏፏቴው ጀርባ የሚደረስበት ዋሻ ዊንተርም ክፍት ነው፣ አንዱ መስኮት በረዶ ዘግቶት ነጭ ግድግዳ ሆኗል፣ ውሃው አይታይም ግን ድንጋዩን በእጃችሁ ስትነኩት ይንቀጠቀጣል።

ጋሼ ማብራራት ይወዳል። ውሃው የሚፈሰው በስምምነት ነው አለን፣ አሜሪካና ካናዳ በ1950 ተፈራርመው በቱሪስት ወቅት ቀን ቀን በሴኮንድ 100,000 ኪዩቢክ ፊት ይለቀቃል፣ ማታ ማታና ዊንተሩን በሙሉ ግን ግማሹ በቂ ነው፣ የቀረው ወደ መብራት ኃይል ይሄዳል። እኔ ይሄኔ ጢስ ዓባይን አስታወስኩ፣ ውሃው ወደ ማመንጫው ሲዞር ገደሉ ባዶ ቀርቶ ያየ ሰው ያውቀዋል። የናያግራው ግማሹም ቢሆን ያስፈራል። ይሄም አልበቃ ብሎት በ1848 ማርች መጨረሻ ላይ የኤሪ ሐይቅ በረዶ የወንዙን አፍ ደፍኖት ፏፏቴው ሙሉ በሙሉ እንደቆመ ነገረን። ማሙሽ «ማን ዘጋው?» «ማን ከፈተው?» እያለ እስከ ማታ አሰለቸው፣ እሰይ፣ ደግ አደረገ። ሲመሽ በወንዙ ዳር የገና መብራቱን በመኪና ቀስ እያልን አየን፣ እሱም ነፃ ነው፣ ሂተሩን ከፍቶ ቆሎ እየበሉ ማየት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ምግብ ነው። ቶሮንቶ ዳንፎርዝ የሚባል መንገድ ላይ የኛ ሰው ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል፣ ከውጭ ገብቶ ትኩስ ሽሮ ፊት መቀመጥ ምን እንደሚመስል ዳላስ ሆኜ አላውቀውም ነበር። ሂሳብ ልከፍል ስል ከእትዬ ጋር ልንደባደብ ነበር፣ እሷው ከፈለች።

መሄድ የምትፈልጉ ዋናው አምሮታችሁ በረዶ ከሆነ ከዲሴምበር ይልቅ ፌብሩዋሪ ይሻላል፣ የዚያን ጊዜ ብርዱም በረዶውም አያሳፍርም። የፌብሩዋሪ ሦስተኛው ሰኞ ኦንታሪዮ ፋሚሊ ዴይ ብለው ይዘጋሉ፣ አሜሪካም ፕሬዚደንትስ ዴይ ያው ቀን ነው፣ ስለዚህ ዘመድ ጋ ለሚሄድ ሁለቱም ወገን እረፍት ይሆናል፣ ስኬቲንጉ ጋ ሰው ይበዛል እንጂ። ጓንት ሁለት ሁለት ጥንድ ያዙ፣ አንዱ ሲረጥብ አንዱን ለመቀየር።