ለኔ ይከፍታል፣ ለሱ አይከፍትም

ዌብሳይት ወደ አዲስ ሰርቨር ያዛወረ ሰው ይህችን ጥያቄ ሳይሰማ አይቀርም። «ለኔ አዲሱን ያመጣልኛል፣ ጓደኛዬ ጋ ግን አሁንም አሮጌው ነው፣ ምን ጉድ ነው?» የሚሰጠውም መልስ ሁሌ አንድ ነው። «ዲኤንኤሱ እስኪሰራጭ እስከ 48 ሰዓት ጠብቅ።» (ዲኤንኤስ የዌብሳይትን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚመልሰው የኢንተርኔት ሥርዓት ነው።) ይሄ መልስ በጣም ያናድደኛል። ምክንያቱም የሚሰራጭ ነገር የለም። አዲሱን አድራሻ ይዞ በየቤቱ እየዞረ የሚያድል ማንም የለም። የሚጠበቀው ሌላ ነገር ነው፤ በየቦታው ተቀምጦ የነበረው የድሮው መልስ ጊዜው አልፎ እስኪጣል ነው።

ከሥሩ እንጀምር። ኮምፒውተሮች በስም አይፈላለጉም። የሚፈልጉት ቁጥር ነው፤ 192.0.2.10 የመሰለ። (ይሄ ቁጥር ለምሳሌ መስጫ ተብሎ የተተወ ስለሆነ ብትሞክሩትም ማንንም አታገኙበትም።) ስሙ ለኛ ነው፣ ቁጥሩ ለማሽኑ። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር መኖር አለበት።

ድሮ ያ ነገር አንድ ፋይል ነበር። የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው በአርፓኔት ዘመን የኮምፒውተሮቹ ሁሉ ስምና ቁጥር በዚያ ፋይል ተዘርዝሮ፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ስታንፎርድ ሪሰርች ኢንስቲትዩት በኤልዛቤት ፋይንለር ቡድን ይያዝ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ያገናኘ ሰው ለነሱ ያሳውቃል፣ እነሱ ይጨምሩበታል፣ ሌላው ሁሉ ፋይሉን ያወርዳል። ኮምፒውተሩ እየበዛ ሲሄድ ግን ፋይሉም አበጠ፣ የሚያወርደውም በዛ፣ አንድ ቦታ ይዞ ማስተዳደሩ አልሆን አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዛሬም የምንጠቀምበትን ዲኤንኤስ ነድፎ አወጣ። ፋይሉ ግን ጨርሶ አልሞተም። የእናንተም ኮምፒውተር ውስጥ ሆስትስ የሚባል ፋይል አለ፣ እዚያ የጻፋችሁት መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከዲኤንኤሱ ይቀድማል። አዲስ ሰርቨር ለሌላ ሰው ሳይታይ ቀድሞ ለመፈተሽ እኔ ከዚህ የቀለለ ዘዴ አላውቅም።

ሰው ሁሉ ዲኤንኤስን ከስልክ ማውጫ ጋር ያመሳስለዋል። እኔ አይዋጥልኝም። ማውጫ ሁሉም ስም በአንድ ጥራዝ የታተመበት ነው። ዲኤንኤስ ውስጥ ግን ሙሉውን የያዘ ማንም የለም፣ ጥበቡም እዚያ ላይ ነው። እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጪ «እኔ አላውቅም፣ እነ እንትናን ጠይቅ» ይላል።

እንዲህ ነው የሚሄደው። ብራውዘር ላይ ስም ትጽፋላችሁ። ብራውዘሩ መጀመሪያ የራሱን ካሽ (ቀደም ሲል ያገኘውን መልስ የሚያስቀምጥበትን ቦታ) ያያል፣ ካጣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ይጠይቃል፣ እሱም ካጣ ጥያቄው ሪዞልቨር ወደሚባል ሰርቨር ይላካል። ሪዞልቨሩ ብዙ ጊዜ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪያችሁ ነው፣ ወይም እንደ 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 ካሉት ክፍት አገልግሎቶች አንዱ። ሩጫው ሁሉ የሱ ነው። ስሙን ከኋላ ወደ ፊት ያነበዋል። ዶት ኮም ከሆነ በቅድሚያ የሁሉ መነሻ የሆኑትን ሩት ሰርቨሮች ይጠይቃል። እነሱ የዌብሳይቱን አድራሻ አያውቁም፤ ዶት ኮምን የሚያስተዳድሩትን ግን ይጠቁሙታል። የዶት ኮሞቹም አያውቁም፤ የዚህን ዶሜይን (የዌብሳይቱን ስም) ሪከርድ፣ ማለትም ስሙና ቁጥሩ የተመዘገበበትን መስመር፣ የያዘው ኔም ሰርቨር የትኛው እንደሆነ ይነግሩታል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ነው ቁጥሩ የሚገኘው። ይህ ሁሉ ደጅ ጥናት ብዙ ጊዜ ዓይን ሳይጨፈን ያልቃል።

ስለ ሩት ሰርቨሮቹ አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለሚያስገርመኝ። ቁጥራቸው 13 ነው ይባላል፣ ከኤ እስከ ኤም በፊደል የተሰየሙ፣ በ12 ተቋማት የሚተዳደሩ። 13 የሆኑት ለገድ ብለው አይደለም። በጊዜው አንድ የዲኤንኤስ መልስ ከ512 ባይት መብለጥ ስለሌለበት፣ የሁሉንም ስምና አድራሻ በአንድ መልስ ለማስገባት ከዚያ በላይ መጨመር አልተቻለም። «13 ማሽን ቢወድም ኢንተርኔት አበቃለት» የሚለው ወሬ ግን ተረት ነው። ወደ አንዱ አድራሻ የሚመጣው ጥያቄ በብዙ ከተሞች በተቀመጡ ማሽኖች ይመለሳል፣ ሲደመሩ ከ1,500 በላይ ናቸው፣ የእናንተም ጥያቄ በኔትወርክ መንገድ ወደሚቀርበው ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ይህ ሁሉ ቢዞር ማንም ባልቻለው ነበር። ስለዚህ ሪዞልቨሩ ያገኘውን መልስ ይይዘዋል። ለምን ያህል ጊዜ? ይህን የሚወስነው የዶሜይኑ ባለቤት ነው፣ ሪከርዱ ላይ ቲቲኤል በምትባል የሰከንድ ቁጥር። ይህንን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ዲግ የምትባለውን ትእዛዝ ተርሚናል (ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ሞክሯት። አንድ ስም ትጠይቃላችሁ፣ ከመልሱ አጠገብ 300 ይላል እንበል። ትንሽ ቆይታችሁ ያንኑ ስትጠይቁ 287 ይላል። ደግማችሁ፣ 271። እየቆጠረ ወደ ታች ይወርዳል። ዜሮ ሲገባ መልሱ ይጣላል፣ ቀጥሎ የሚጠይቅ ሰው ሪዞልቨሩን እንደገና ያስሮጠዋል። አንዳንዴ ቁጥሩ ወደ ታች ሲል ቆይቶ ድንገት ከፍ ካለ አትደንግጡ፤ ከትልቅ አገልግሎት ጀርባ ያሉት ማሽኖች ብዙ ናቸው፣ የየራሳቸው ካሽ ሊኖራቸው ይችላል፣ አንዱ የያዘውን ሌላው ላይይዝ ይችላል።

እንግዲህ አዲሱን ለናንተ ከፍቶ ለጓደኛችሁ ያልከፈተው ለዚህ ነው። የሱ ሪዞልቨር አድራሻው ከመቀየሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ጠይቆ ነበር። የናንተው ግን ከተቀየረ በኋላ ነው የጠየቀው። በቃ።

48 ሰዓቷ ታዲያ ከየት መጣች? ጨርሶ ከባዶ አይደለም። የአይፒ አድራሻውን (ያንን ቁጥር) ብቻ ከቀየራችሁ የሚገዛው የናንተ ቲቲኤል ነው፣ 300 ከሆነ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ኔም ሰርቨሩን ራሱን ከቀየራችሁ ግን ዶት ኮሞቹ የሚሰጡት ጥቆማ የራሱ ቲቲኤል አለው፤ 172,800 ሰከንድ፣ ማለትም ልክ 48 ሰዓት። እሱን ማሳጠር በናንተ እጅ አይደለም። ሁለቱን ለይቶ ሳይጠይቅ «48 ሰዓት ጠብቅ» የሚል የሆስቲንግ (ዌብሳይታችሁን የሚያስቀምጥላችሁ ድርጅት) ድጋፍ ሠራተኛ ጥያቄያችሁን አላነበበውም ማለት ነው።

የካሽ ማጠር ደግሞ ሌላ ጎን አለው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትሳፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ከኢንተርኔት ጠፍተው ነበር። የዳታ ሴንተሮቻቸውን የሚያገናኘው ኔትወርክ በጥገና ትእዛዝ ተቋረጠ፣ ያን ጊዜ የዲኤንኤስ ሰርቨሮቻቸው ወደ እነሱ የሚወስደውን መንገድ ለዓለም ማስተዋወቅ ራሳቸው አቆሙ። ሰርቨሮቹ በሕይወት አሉ፣ መንገዱ ግን የለም። አጭር ቲቲኤል ያለው መልስ ከየካሹ ቶሎ ተጣለ፣ አፑ ደግሞ መልስ ሲያጣ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ሰዉም ደጋግሞ ይነካካዋል፣ የጥያቄው ጎርፍ ምንም ያላጠፉትን ሪዞልቨሮች አጨናነቀ።

ካሽ የሚታመን ነገር ስለሆነ የሚያጭበረብረውም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2008 የደህንነት ተመራማሪው ዳን ካሚንስኪ ሪዞልቨሮችን በሐሰተኛ መልስ መመረዝ ምን ያህል ቀላል እንደነበር አሳየ፣ አምራቾቹም ተረባርበው ደፈኑት። መልስን በፊርማ የሚያረጋግጠው ዲኤንኤስሴክ ሩቱ ላይ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

ሰርቨር ልታዛውሩ ከሆነ ሥራው የሚጀምረው ከመዛወሩ በፊት ነው። ቲቲኤሉ 86,400 ከሆነ፣ ማለትም አንድ ቀን፣ ከዋናው ቀን አስቀድማችሁ ወደ 300 አውርዱት፣ ከዚያ የድሮው አንድ ቀን እስኪያልፍ ታገሱ። የዝውውሩ ዕለት ካወረዳችሁት ዋጋ የለውም፤ አሮጌውን መልስ የያዙት በአሮጌው ሰዓት ነው የሚቆጥሩት። አሮጌውን ሰርቨርም ቶሎ አትዝጉት። የቲቲኤልን ወሰን የማያከብር ሪዞልቨር አይጠፋም፣ አንዳንድ ፕሮግራምም አንዴ ያገኘውን ቁጥር እስኪዘጋ ድረስ አይለቅም።

ሌላው፣ አዲስ ሰብዶሜይን (ከዶሜይናችሁ ፊት የሚጨመር ንዑስ ስም) ከመክፈታችሁ በፊት «እስቲ ይሠራ እንደሆን» ብላችሁ ብራውዘር ላይ አትሞክሩት። «እንዲህ ያለ ስም የለም» የሚለውም መልስ ካሽ ይደረጋል። ሪከርዱን ከሁለት ደቂቃ በኋላ ብትፈጥሩትም ሪዞልቨራችሁ የለም እንዳለ ይቆያል፤ እስከ መቼ እንደሚቆይ የምትወስነው የሰከንድ ቁጥር ደግሞ ሰው ብዙም የማያያት፣ ኤስኦኤ በሚባለው የዶሜይኑ አጠቃላይ መረጃ ሪከርድ መጨረሻ ላይ ያለችው ናት።