ኮምፒውተሬን ልቀይረው ስል

ወረዳው አጠገብ ትንሽ የጽሕፈት ሥራ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ኮፒ እናደርጋለን፣ ፎርም በኢንተርኔት እንሞላለን። እንጀራዬ ያለው አንድ ዴስክቶፕ ላይ ነው። አራተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ኢንቴል ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ስገዛውም ያገለገለ ነበር።

ባለፈው ታኅሣሥ ጉድ አመጣ። ጠዋት አበራዋለሁ፣ ቡና አዛለሁ፣ ቡናው ይመጣል፣ ጠጥቼ እጨርሳለሁ። ዊንዶውሱ ገና ክቡን ያዞራል። አንድ ቀን በስልኬ ብለካው አምስት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ወርድ ለመክፈት ደግሞ ሌላ አንድ ደቂቃ። ደንበኛው ፊቴ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ ማውሱን አወዛውዛለሁ። ማውስ ማወዛወዝ ምን እንደሚፈይድ እንጃ፣ ግን ሁላችንም እናደርገዋለን።

«በቃ ቀይረው» ያላለኝ ሰው የለም። ዋጋ ጠየቅኩ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ይሁን ከተባለ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ። አዲሱን ተዉት፣ ያገለገለው ራሱ የሦስት ወር የቤት ኪራዬን ይበላል። ሰላምታ ሰጥቼ ወጣሁ።

ከዚያ ተሳሳትኩ። ሌላ ሱቅ ገብቼ «ስሎው ሆነብኝ» ስል ሻጩ ሳያስጨርሰኝ «ወንድሜ፣ ራም ጨምርበት፣ ይበራል» አለኝ። 8 ጊጋ ገዛሁ። ኬዙን ከፍቼ ልሰካው ስል አልገባ አለ። ገልብጬ ሞከርኩ፣ አሁንም እምቢ። አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ ሳየው ጥርሱ መሐል ያለችው ክፍተት ቦታዋ ይለያል። ለካ የሰጠኝ ዲዲአር 4 የሚባለው የራም ዓይነት ነው፣ የእኔ ማዘርቦርድ ደግሞ ከዲዲአር 3 ሌላ አያውቅም። ደግነቱ በጉልበት አልተጫንኩትም። ከብዙ ክርክር በኋላ ቀየረልኝ። ራሙ 16 ጊጋ ሆነ። በማግስቱ አበራሁት። ቡናው መጣ፣ ቡናው አለቀ። ያው ነው!

ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር የጎረቤቴ ልጅ ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ መጥቶ ስነጫነጭ ሰማኝ። «ጋሼ፣ የታመመውን ሳያዩ ነው እንዴ መድኃኒት የገዙለት?» አለኝ። ትንሽ ከነከነኝ፣ ግን እውነቱን ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደተወጠረ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፈተ። ፕሮሰሰሩ 12 በመቶ። ሜሞሪው፣ ማለትም ራሙ፣ 25 በመቶ። ዲስኩ በሥራ 100 በመቶ ተወጥሮ፣ ቀልቶ።

ማለትም ብር ያወጣሁበት ራም ሥራ ፈትቶ ቁጭ ብሏል። የሚያንቀው ሃርድ ዲስኩ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሸክላ አለው፣ የሚያነበው ክንድ እያንዳንዷን ፋይል ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ይላል። ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን በአንዴ ይጠይቀዋል። ኤስኤስዲ የሚባለው ሌላው የዲስክ ዓይነት ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም።

240 ጊጋ ኤስኤስዲ ገዛሁ። ጥገና ቤት ብወስደው «ፎርማት ይደረግና አዲስ ዊንዶውስ ይጫን» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እኔ ግን ያለውን ሁሉ የሚጠርግ ፎርማት የሚባል ነገር አልወድም። የድሮ ደንበኞቼ ውልና ደብዳቤ የተጻፈው በቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ነው፣ ዩኒኮድ የሚባለው የጋራ የፊደል አሠራር ሳይለመድ። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን ከፈታችሁት «ለክቡር» የሚለው ቃል የነጥብና የላቲን ፊደል ትርምስ ይሆንባችኋል። ስለዚህ ያለውን ሁሉ እንዳለ ወደ ኤስኤስዲው ክሎን አደረግነው። ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀ። ትርፍ ኬብል ስላልነበረን የዲቪዲ ማጫወቻውን ኬብል ነቅለን ተጠቀምን። ዲቪዲ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ መቼ እንዳየሁ እንኳ ትዝ አይለኝም።

ሃያ ስድስት ሰከንድ። ሦስቴ አጥፍቼ አበራሁት፣ ስላላመንኩ።

ኬዙ ተከፍቶ ሳለ አቧራውን በብሎወር አስወጣን፣ ከፋኑ ላይ የወጣው አቧራ ትራስ ይሞላል። ሌላም ነገር ተገኘ። መብራት በጠፋ ቁጥር የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ኋላ ዓመታት ይመለስና ድረ ገጾች «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም ነበር። ስንት ጊዜ ኔትወርኩን ተሳደብኩ! ጥፋቱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ነች፤ አልቃለች። ቀየርናት፣ አሁን ቀኑ ንቅንቅ አይልም።

ታዲያ አዲስ ኮምፒውተር አያስፈልገኝም ማለት ነው? አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለተመዘገበ ሰው የደህንነት ማሻሻያው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ይቀጥላል፣ እኔም ተመዝግቤያለሁ። ዊንዶውስ 11 ግን ከኢንቴል በኩል በጥቅሉ ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የእኔው አራተኛ ነው። አታልሎ መጫን ይቻላል ይላሉ፤ የሰው መታወቂያና ፓስፖርት ቅጂ በሚያልፍበት ማሽን ላይ ግን አልሞክረውም።

ኤስኤስዲው ነገ ኮምፒውተር ብቀይር ነቅዬ ይዤው እሄዳለሁ። ዲዲአር 3 ራሙ ግን ከዚህ ኬዝ ጋር የሚቀበር ነው፣ ለእሱ ያወጣሁት ብር ዛሬም ይቆጨኛል። አሮጌው ሃርድ ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የደንበኞችን ፋይል እገለብጥበታለሁ። እኔም የሠፈር ዕቁብ ገብቻለሁ። ስምንተኛ ጀነሬሽን ያገለገለ ዴስክቶፕ ዋጋውን በየወሩ አጣራለሁ። ዕጣዬ ግን እስካሁን አልወጣም።