ከአክስቴ ቤት የወጣው እቃ የት ሄደ?

የአክስቴ የአርባ ቀን ተዝካር በወጣ ማግስት ቤተሰቡ ተሰብስቦ "ቤቱ ይከራይ፤ እቃው ይውጣ" አለ። ደብረ ማርቆስ የምኖረው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ሦስት ቀን ይበቃኛል ብዬ ነበር። 19 ቀን ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤትም ዘመድም ቤት ሲለቅ ይጠራኝ ጀመር። ከሁለት ጎረምሶች ጋር ሆኜ እስካሁን ሰባት ቤት ባዶ አድርጌያለሁ። የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት ግን እዚያው አክስቴ ግቢ ነው። ያውም ተሳስቼ።

የመጀመሪያው ቀን ስህተቴ ችኮላ ነው። የስፖንጅ ፍራሽ፣ የተቀደደ ማዳበሪያ፣ የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ ፌስታል፣ ሁሉንም ጓሮ ከምሬ እሳት ለቀቅሁበት። ጥቁር ጭስ ሰፈሩን ሸፈነው። ጎረቤታችን እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወጡ። "ኧረ ልጄ፣ እቤት አስም ያለበት ሕፃን አለ!" አሉኝ። በባልዲ ውሃ አጠፋሁት። ማታ ሳነብ የስፖንጅ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ብቻ ሳይሆን ሳያናይድ የሚባል መርዝም እንዳለበት አወቅሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሁለተኛው የባትሪው ነው። አክስቴ መብራት ሲጠፋ የምትጠቀምበት አሮጌ የመኪና ባትሪ ነበራት። አንድ ገዥ መጣ፤ በዋጋ ተስማማን። ዞር ስል ክዳኑን ከፍቶ አሲዱን አጥር ሥር ደፋው። ለምን ስለው "እኛ የምንገዛው እርሳሱን ነው" አለኝ። አጥሩ ሥር የነበረችው ጌሾ በሦስት ሳምንት ደረቀች። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ለጠላዋ ስትቀነጥባት የኖረች ጌሾ። አብሮ የሚፈሰው እርሳስ ደግሞ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። አሁን ባትሪ ስሸጥ ቀድሜ የምናገረው አንድ ነገር ነው። ክዳኑ እንደተዘጋ፣ ቀጥ ብሎ፣ ከነአሲዱ ይሄዳል። ዋጋው ከቀነሰ ይቀንስ።

ከዚያ ሥራውን ሁለት ቀን አቆምኩት። ደብተር ይዤ ክፍል ለክፍል እየዞርኩ፣ እያንዳንዱን እቃ እያየሁ "ይህን ማን ይፈልገዋል?" የሚለውን ጻፍኩ። እቃው ከደጃፍ ሳይወጣ መድረሻው ይታወቅ። ሥራዬን የለወጠው ይህ ነው። አንዴ ጓሮ ላይ ከተደባለቀ ደህናውም ቆሻሻ ይሆናል። ላምባ የነካውን ልብስ፣ ስባሪ ብርጭቆ የገባበትን መጽሐፍ ማንም አይወስደውም። ኋላ እንዳየሁት፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513ም እያንዳንዱ ቤት ዳግም የሚያገለግለውን ከሚጣለው እንዲለይ ይል ነበር።

ደብተሩ ላይ የጻፍኳቸው ሰዎች ሁሉ ቅርብ ሆነው ተገኙ። ትልልቆቹን ድስቶች፣ ሳህኖቹንና ሦስቱን አግዳሚ ወንበሮች እድሩ ወሰደ። የእድሩ ጸሐፊ እየቆጠሩ መዝገብ ላይ ሲያሰፍሩ "እሷም እኮ ከእድሩ ስትዋስ የኖረች ናት" አሉ። ደስ አለኝ።

አጎዛዎቹንና ደበሎውን ለማን እንደምሰጥ ጎጃም ውስጥ ማሰብ አያስፈልግም። የቆሎ ተማሪ አለ። ነገር ግን መጀመሪያ ያቀረብኳቸው እንዳሉ ነበር፤ አቧራ የጠጡ፣ ሁለቱ ብል የበላቸው። የኔታ ምንም አላሉኝም። "ነፍሷን ይማር" ብለው ተቀበሉ። አንዱ ተማሪ ግን ወዲያው ወስዶ ሲያራግፍ አየሁትና አፈርኩ። መልሼ ወሰድኳቸው። ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው፤ መታኋቸው፤ ብል የበላቸውን ለየሁ። ለተማሪ ነው ተብሎ ቁንጫ ያለበት ነገር አይሰጥም። ልብስም እንዲሁ ነው፤ ታጥቦ፣ ቁልፉ ተተክሎ ነው የሚሰጠው። ለየኔ ቢጤም ቢሆን።

እንጨት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፈረሰው ማድቤት ምሰሶዎች የጥድ ነበሩ። ጎረምሶቹ ሊፈልጧቸው መጥረቢያ አንስተው ነበር። ጥድ ምስጥ አይደፍረውም፤ ዕድሜውን ሙሉ ጭስ የጠጣ ጥድ ደግሞ ብረት ማለት ነው። አናጢ ጠራሁ። ምሰሶዎቹን፣ አንድ የዋንዛ ሣጥንና እግራቸው የወለቀ በርጩማዎችን ወሰደ። በክፍያው ፈንታ ለተከራዩ የማድቤት በር ሠራልን። ያ ሁሉ ለአንድ ሳምንት ማገዶ ሊሆን ነበር።

ለብረታ ብረት ቁራሌው አለ። እዚህ ላይ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ለይታችሁ ሽጡ። እኔ መጀመሪያ መዳቡንም አሉሚኒየሙንም ከብረቱ ጋር በአንድ ማዳበሪያ ሰጥቼ ሁሉም በብረት ዋጋ ሄደ። ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። አሮጌ የአሉሚኒየም ድስት አቅልጦ መልሶ መሥራት ከማዕድኑ አዲስ ለማውጣት ከሚፈጀው ጉልበት 5 በመቶ ገደማ ነው የሚጠይቀው። ልዋጭን ግን አልወደውም። ደህና ልብስ ሰጥቶ በዓመቱ የሚሰነጠቅ ሳፋ መቀበል ነው። ከአንድ ቤት ላስቲክ እያወጡ ወደ ሌላው ላስቲክ ማስገባት ለእኔ ሥራ አይደለም።

ጀሪካኖቹ አስደነገጡኝ። ውሃ መቅጃም ዘይት መያዣም ስለሚሆኑ ሰፈሩ ሁሉ ይፈልጋቸዋል። ከመካከላቸው ግን ሦስቱ የቱፎርዲ፣ የጤፍ ፀረ አረም መያዣዎች ነበሩ። ወረቀታቸው ተልጧል፤ ሽታቸው ነው ያጋለጣቸው። አንዲት ልጅ አንዱን አንስታ "እታለም፣ ይህን ለውሃ ልውሰደው?" ብላኝ ነበር። የመድኃኒት መያዣ ሰባት ጊዜ ቢታጠብም ለሚበላና ለሚጠጣ ነገር አይሆንም። ማንም እንዳይጠቀምባቸው በሚስማር በሳሳኋቸው። አሁን ገጠር ቤት ስገባ መጀመሪያ የማሸተው ጀሪካን ነው።

ከሁሉም ያሳሰበኝ ብራናው ነው። የአክስቴ ባል ቄስ ነበሩ። ጎታው ሥር፣ በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ማኅደሩ የተበጣጠሰ ዳዊት አገኘሁ። የነበረው የሚጣል ማዳበሪያ ውስጥ ነው! የዲማ ጊዮርጊስ፣ የመርጡለ ማርያምና የደብረ ወርቅ አገር ላይ ተቀምጬ የብራና መጽሐፍ ከገለባ ጋር ልጥል ነበር። ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ አንድ ሰው መጥቶ "ሳትናገሪ ስጭኝ" ብሎ ጥሩ ገንዘብ ጠራልኝ። አልሰጠሁትም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ባይከለክልም አልሰጠውም ነበር። ዳዊቱን የአክስቴ ባል ላገለገሉበት ደብር አስረከብኩ፤ በመዝገብ፣ በሁለት ምስክር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ማዳበሪያ ሳይገለበጥ ከቤት አይወጣም።

የቀረው የእውነት ቆሻሻ ሁለት ጋሪ ነበር። ጋሪ ነጂው "እታለም፣ ወንዙ ዳር ልድፋልሽ? ይቀርበናል" አለኝ። ከዚህ የሚወርድ ውሃ መድረሻው ዓባይ ነው። ቆሻሻ መጣያው ድረስ ለወሰደበት ጨምሬ ከፈልኩት፤ አብሬውም ሄድኩ። አሁንም አብሬ እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ሳያልቅ ቀርቷል። አክስቴ መብራት ኃይል ድሮ አምፖል በአምፖል ሲለውጥ የሰጣት ጥምዝምዝ አምፖሎች ነበሯት፤ ውስጣቸው ሜርኩሪ የሚባል መርዝ በትንሹ አለ። ሆዱ ትልቅ የሆነ አሮጌ ቴሌቪዥንም አለ፤ መስታወቱ እርሳስ አለበት። ለቁራሌው ብሰጠው መዳቡን ወስዶ መስታወቱን መንገድ ዳር ይሰብረዋል። አምፖሎቹን ክዳን ባለው ጣሳ በወረቀት ጠቅልዬ፣ ቴሌቪዥኑን በማዳበሪያ ሸፍኜ እቤቴ አስቀምጫለሁ። ከሌሎቹ ቤቶች የወጡትም እዚያው ተጨምረዋል። ጣሳው አሁን ሦስት ደርሷል።