የጃንጎ ሞዴሎችን ለጀማሪ ማስረዳት፦ የስድስተኛው ሳምንት ማስታወሻ

ስለ ጃንጎ ሞዴሎች በአማርኛ የማዘጋጀውን መማሪያ በዚህ ሳምንት ከግማሽ በላይ እንደገና ጻፍኩት። ጃንጎ በፓይተን ቋንቋ ድረ ገጽ የሚሠራበት ማዕቀፍ ነው፤ ሞዴል ደግሞ አንድ የዳታቤዝ ሰንጠረዥ ምን ምን መስኮች እንዳሉት የሚገልጽ ኮድ ነው። ምክንያቱ ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ አብራን የምታጠና ልጅ ናት። ሞዴሉን በትክክል ጽፋ፣ ‹ሜክማይግሬሽንስ› የሚለውን ትእዛዝ ሰጥታ፣ መረጃ ልታስገባ ስትል ዳታቤዙ (ኤስኪውላይት) «እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የለም» ብሎ መለሰላት። «አሁን ፈጠርኩት እኮ!» አለችኝ። ‹ሜክማይግሬሽንስ› እና ‹ማይግሬት› የሚሉትን ሁለት ትእዛዞች ያለ ማብራሪያ አከታትዬ ስለጻፍኳቸው፣ ሁለተኛው የመጀመሪያው ድጋሚ መስሏት ዘልላዋለች።

አሁን ለያየኋቸው። ‹ሜክማይግሬሽንስ› ለውጡን ፋይል ላይ ይጽፋል እንጂ ዳታቤዙን አይነካም። ፋይሉ የሥራ ማዘዣ ነው፤ ሰንጠረዡን የሚሠራው ‹ማይግሬት› ነው። ስለዚህ ተማሪው በመሃል ቆም ብሎ 0001 ብሎ የሚጀምረውን ፋይል ከፍቶ እንዲያነብ የሚያዝ አንቀጽ ጨመርኩ። ማዘዣውን በዓይኑ ያየ ሰው ሁለተኛውን ትእዛዝ አይረሳም።

ምሳሌውንም ከመጽሐፍና ከደራሲ ወደ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ አዛወርኩት። አንድ አስጋሪ ብዙ ምርት ያስመዘግባል፤ ምርቱ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ይሆናል፣ ክብደትና ቀን አለው። አንዱን ሰንጠረዥ ከሌላው ጋር የሚያገናኘው መስክ፣ ‹ፎሪን ኪ›፣ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ በላይ አላስፈለገኝም። የስም መስኮቹም ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ሆነዋል።

በጣም ያስደሰተኝ ግን ‹ኦን ዲሊት› ነው፤ ‹ፎሪን ኪ› የሚያመለክተው መዝገብ ሲሰረዝ ምን እንደሚሆን የሚወስነው ማለት ነው። ከጃንጎ 2.0 ጀምሮ ይህን መወሰን ግዴታ ቢሆንም፣ ጀማሪዎች ‹ካስኬድ› የሚለውን ትርጉሙን ሳያውቁ ይገለብጡታል። «አስጋሪው ከመዝገብ ቢሰረዝ ያመጣው ዓሣ መዝገብ ምን ይሁን?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ ተማሪ ወዲያው «የተሸጠ ዓሣ እንዴት ይጠፋል? ሒሳቡ ይዛባል!» አለ። ‹ካስኬድ› መዝገቡን አብሮ ያጠፋዋል፤ ‹ፕሮቴክት› ግን ምርት ያስመዘገበ አስጋሪ እንዳይሰረዝ ይከለክላል። ልጁ ቃሉን ሳያውቅ ‹ፕሮቴክት›ን መርጧል። ጥያቄውን እንዳለ መማሪያው ውስጥ አስገባሁት፤ መልሱ ከጥያቄው አንድ ገጽ ዘግይቶ ይመጣል።

ያልተሳካልኝ ‹ነል› እና ‹ብላንክ› ናቸው። የመጀመሪያው ዳታቤዙ ባዶ እሴት እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ሁለተኛው ቅጹ ሲፈተሽ ባዶ መስክ እንዲያልፍ ያደርጋል። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም ሰረዝኩት። የአያት ስሙን ያላስመዘገበ አስጋሪ ጥሩ ምሳሌ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ለጽሑፍ መስክ ‹ነል›ን መጠቀም በጃንጎ አይመከርም። ገና ያልተመዘነ ዓሣ ሳይሻል አይቀርም፤ ክብደት ቁጥር ነውና። ቅዳሜ በእሱ እሞክራለሁ።