አጥንቴ ተርፎ ደም ስሬ ተጎዳ

ተንሸራታች የብረት በር ከሀዲዱ ወጥቶ ባቴን ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። ራጅ ተነሳሁ፤ አጥንቱ ደህና ነው። ጡንቻው ስለተጨፈለቀ እግሬን ከፍ አድርጌ እንዳርፍ ተነገረኝ።

የበለዘው ቆዳ እየጠራ ሲመጣ እብጠቱ ግን ባሰ። ሕመሙም ጠባዩን ቀየረ። መጀመሪያ ሲነኩት ነበር የሚያመኝ፤ በኋላ ከውስጥ የሚወጥር፣ ስቆም የሚከብድ ሆነ። እግሬም ይሞቃል። "በደንብ ይታሽ" ያሉኝ ብዙ ናቸው። እምቢ አልኩ። ደም ረግቶ ከሆነ ማሸት ፈንቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል።

የልብስ ሰፊ ሜትር አነሳሁ። ከጉልበቴ በታች ጎልቶ ከሚዳሰሰው አጥንት 10 ሴንቲሜትር ወርጄ ምልክት አደረግኩና ሁለቱንም ባቶቼን ለካሁ። ሐኪሞች ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ልዩነትን እንደ አንድ የጥርጣሬ ምልክት ይይዙታል። የኔ ከዚያ በልጧል። ሳላሳድር ሄጄ ልኬቱን አሳየሁና ደም ስሩ የደም ፍሰትን በሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ እንዲታይልኝ ጠየቅኩ። ከጉልበቴ ጀርባ ባለው ትልቅ የደም መልስ (ደምን ወደ ልብ በሚመልሰው ስር) ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘ። የደም መርጋትን የሚጠቁመው ዲ-ዳይመር የሚባለው የደም ምርመራ በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙም አይረዳም፤ ጉዳቱ ራሱ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል።

ለደም መርጋት ሦስት ነገሮች መንገድ ይከፍታሉ፦ የስሩ ግድግዳ መጎዳት፣ የፍሰቱ መዘግየትና ደሙ ራሱ ለመርጋት መፍጠኑ። በሩ ሦስቱንም አመጣብኝ። ስሩን ጨፈለቀው። እብጠቱና መተኛቱ ፍሰቱን አዘገዩት፤ ባት በእርምጃ ጊዜ ደምን ወደ ልብ የሚገፋ ፓምፕ ነውና። ሰውነትም ሲጎዳ ደሙን ለመርጋት ያዘጋጃል። ስብራት የግድ አይደለም፤ ይህን ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ጡንቻው ውስጥ መድማቱ መቆሙ ከተረጋገጠ በኋላ ደም ማቅጠኛ ለ3 ወር ታዘዘልኝ። መድኃኒቱ የረጋው ደም እንዳያድግ ይይዘዋል፤ ቀስ እያለ የሚያሟሟው ሰውነት ነው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ተከለከልኩ፤ ከማቅጠኛው ጋር ደም ሊያፈሱ ይችላሉ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረኝ፣ አየር ስስብ ደረቴን ከወጋኝ ወይም ደም ከሳልኩ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል እንድሄድ ለቤተሰቤም ጭምር ተነገረ።

አሁን መድኃኒቱን ጨርሻለሁ። ማታ ማታ እግሬ ትንሽ ያብጣል፤ ደሙ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚያግዱት የስሩ ቫልቮች ሲጎዱ እንዲህ ይሆናል። ረጅም ጉዞ ላይ እየተነሳሁ እራመዳለሁ። ቀዶ ጥገናም ሆነ ጄሶ የሚያስፈልገኝ ቀን ቢመጣ፣ ከሁሉ በፊት ለሐኪሙ የምናገረው ይህንን ነው።