ዱባው በረደው፣ ጃኬቱን ጋሼ ለበሱት

አለቃው የፖም ሰው ነው። ደቡብ ፔንስልቬንያ፣ አዳምስ ካውንቲ፣ ኮረብታው ሁሉ ፖም ነው፤ ዱባው ለሃሎዊን፣ ኦክቶበር 31 ላይ ዱባ ተቀርጾ በር ላይ ለሚቆምበት በዓል፣ ገበያ ሲባል ዳር ዳሩን የሚዘራ ነው። ፖም ከተለቀመበት ሰዓት ጀምሮ ብርድ ይፈልጋል፤ ወደ ዜሮ በተጠጋ ቁጥር ዕድሜው ይረዝማል። አለቃው ዕድሜውን ሙሉ ይህን ሲያይ ስለኖረ ዱባንም በዚያው ዓይን አየው።

በዚያ ዓመት ሃውደን የሚባለው የዱባ ዓይነት ቀድሞ ደረሰ። ሴፕቴምበር ገና ሳይጋመስ ቆዳው ጥፍር አላስገባ አለ፣ እስከ ሆዱ ድረስ ብርቱካንማ ሆነ። ቅጠሉ ደግሞ ዱቄት የተነሰነሰበት በሚመስለው ሻጋታ አልቆ ፍሬው ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። እንዲህ ሲሆን መቆየት ኪሳራ ነው፤ ፀሐይ ጎኑን ታነጣዋለች፣ እጀታውም ይጠወልጋል። ስለዚህ «ቁረጡ» ማለቱ ልክ ነበር። በትልቁ መቀስ፣ አንድ ጋት እጀታ እያስቀረን ቆረጥን። አንዱ ዱባ ከ9 እስከ 11 ኪሎ ይመዝናል፣ አንዱ ቢን፣ ትልቁ የካርቶን ሣጥን፣ ወደ 40 ፍሬ ይይዛል።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሱፐርማርኬቱ ዱባውን የሚፈልገው ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ነው። ሦስት ሳምንት የት ይቀመጥ? አለቃው የፖሙን ማቀዝቀዣ ከፈተ። የበሩ ማሳያ 34 ይላል፤ ፋራናይት ነው፣ በእኛ 1 ዲግሪ ገደማ። ግማሹ ክፍል ፖም ሞልቶበታል።

ከሜሪላንድ በቫን ከምንመጣው ውስጥ ትልቁ ሰው ጋሼ ናቸው። እንግሊዝኛ የላቸውም። የመጀመሪያው ፎርክሊፍት ሲገባ በሩ ላይ ቆመው አዩና የሚያስተረጉመውን ልጅ ጠሩት።

«ልጄ፣ ንገረው። ዱባ ብርድ አይችልም በለው። እናቴ ቆጥ ላይ፣ ከምድጃው በላይ ነበር የምታስቀምጠው፤ እስከ ሁዳዴ ይደርስ ነበር። እዚህ ካደረ ይታመማል።»

ልጁ ሥራ ከጀመረ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። አለቃ የሚታረምበት ሳምንት አይደለም። ቆጡንም ምድጃውንም እናትየውንም ዘለለና በአጭሩ «እዚህ በጣም ይበርዳል እያሉ ነው» አለው።

አለቃው ራሱን ነቀነቀ። ወደ መኪናው ሄዶ ወፍራም ጃኬት ይዞ መጣና ለጋሼ ሰጣቸው። ትከሻቸውንም መታ መታ አደረገ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሼ።

«እውነትዎን ነው አለ።»

ጋሼ ጃኬቱን አገላብጠው አዩት። ቀጥሎ ቢኖቹን አዩ።

«ይሄማ ለአንዱ እንኳ አይበቃው» አሉ።

ዱባ ከ10 ዲግሪ በታች ሲቆይ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። ተንኮሉ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ እያለ ምንም አለማሳየቱ ነው። በየጠዋቱ በሩን ከፍቶ ለሚያይ ሰው ያማረ፣ የጠነከረ፣ የሚያብረቀርቅ ዱባ ነው። ጉዳቱ የሚወጣው ሲሞቅ ነው። ትክክለኛው ቤቱ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ፣ መጠነኛ እርጥበት ያለው፣ አየር የሚዘዋወርበት ክፍል ነው፤ እዚያ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ከዚያ በፊት 27 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ውስጥ አሥር ቀን ቢያገኝ ጭረቱ ይደርቃል፣ ቆዳው ይጠነክራል። ያን ሙቀት በነፃ የሚሰጥ ሴፕቴምበር ውጭ ቆሞ ነበር፤ እኛ ከሙቀቱ አሽሽተን በረዶ ቤት አስገባነው። በዚያ ላይ ፖሙ። ፖም የሚተነፍሰው ጋዝ፣ ኤቲሊን የሚሉት፣ ሌላውን ፍሬ ያስረጃል፤ የዱባን እጀታም ያላቅቃል።

በሃያኛው ቀን አወጣነው። ውጭው ሞቃትና እርጥበት የበዛበት ነበር። ዱባው ወዲያው አላበው፤ ከፍሪጅ እንደወጣ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ውሃ ይንቆረቆርበት ጀመር። ሹፌሩ ቸኩሏል፣ እንዲደርቅ የጠበቀው የለም፤ እንደራሰ ካርቶን ውስጥ ገብቶ 44 ቢን ተጫነ። በሦስተኛው ቀን ፎቶ መጣ። ቆዳው ላይ ሳንቲም የሚያህሉ ስርጉድ ነጠብጣቦች ወጥተዋል። በአምስተኛው ቀን ነጠብጣቦቹ ላይ ጥቁር ሻጋታ በቀለ፣ የቢኖቹ ወለል ረጥቦ ተቀደደ። ሁለተኛው ትራክ ሳይራገፍ ተመለሰ።

የተመለሰውን ስንለይ ሦስት ቀን ፈጀ። ጠንካራውን ደረቅ ፓሌት ላይ፣ አንዱ አንዱን ሳይነካ ደረደርን፤ ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ ሆዱ እርጥበት ይይዛል። ተቀርጾ በር ላይ የሚቆመው ሳምንት ለማይሞላ ጊዜ ስለሆነ፣ ጥቂት ነጠብጣብ ያለውን መንገድ ዳር በግማሽ ዋጋ ሸጥነው። የለሰለሰው ለጎረቤት ላሞች ሄደ። ኖቬምበር 1 ላይ ደህናውም ከላም ቀለብ አይሻልም።

በልየታው መሀል አለቃው ልጁን ጠራው። «ሽማግሌው ያን ቀን ምን ነበር ያሉት?» አለ። ልጁ አሁን ሁለተኛ ወሩን ይዟል፣ ቆጡንም ምድጃውንም አስገብቶ ሙሉውን ነገረው። አለቃው ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አለ።

ልጁ ይህን ለጋሼ ሲያስተረጉም ቀና ብሎ አላያቸውም። ጋሼ ጃኬቱን ለብሰዋል። «ነግሬው ነበር በለው። ልብስ ሰጠኝ።»

ለፍትሕ ያህል፣ አለቃውም ያሸነፈበት ነገር አለ። ጋሼ ዱባን የሚያነሱት በእጀታው ነው። 10 ኪሎ ዱባ በእጀታው ሲንጠለጠል ይገነጠላል፤ ቁስሉ የብስባሽ በር ይሆናል፣ እጀታ የሌለውን ዱባ ደግሞ ገዢ አይነካውም። አለቃው በምልክትም በቃልም ስንት ጊዜ አሳያቸው፤ ከሥር በሁለት እጅ ታቅፎ። አንድ ቀን ልጁ በትክክል ቢያስተረጉምላቸው «ታዲያ እጀታ ለምን አበቀለ?» አሉት። ይህን ልጁ ወደ እንግሊዝኛ አልመለሰውም።

በሚቀጥለው ዓመት ለዱባ የተለየ ክፍል ተሰጠ፣ ከፖም ርቆ። ማሳያው 54 ላይ ተቀመጠ፤ 12 ዲግሪ ነው። ከሥሩ በእንግሊዝኛና በስፓንኛ «አትንኩ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ጋሼ ጠዋት ሲገቡ ማሳያውን አያዩትም። መዳፋቸውን አንዱ ዱባ ላይ ያሳርፋሉ፣ ትንሽ ይቆያሉ፣ ከዚያ በእጀታው አንጠልጥለው ያወጡታል።