ፍራንክፈርት ከኬፕታውን ትቀርባለች

ባሕር ዳር ላይ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራ ስላለ ሥራ የሚሉት ነገር እጄ አልገባ አለኝ፤ አንድ የቡሬ ልጅ የጠየቀኝን ይዤ ቁጭ አልሁ። እሱና ጓደኞቹ ለገበሬዎች ማኅበር የሚሠሩት የእህል መረከቢያ ሶፍትዌር የት አገር ባለ ክላውድ (በኢንተርኔት በኩል በሚከራይ ኮምፒውተር) ላይ ቢቀመጥ ይሻላል ነው ያለኝ። እሱ የጠበቀው ዋጋ ነበር፤ እኔ ግን ኮምፒውተሩ በራቀ ቁጥር መልሱ ይዘገያል ብዬ ካርታ ገለጥሁ።

አማዞን በ2020 እ.ኤ.አ. ኬፕታውን ላይ ዳታ ሴንተሮቹን (ክላውዱ የሚቀመጥባቸውን የኮምፒውተር ማዕከላት) ሲከፍት፣ አፍሪካ ውስጥ ያለው ይቀርበናል ብለን ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። በቀጥታ ሲለካ ግን ከባሕር ዳር ኬፕታውን 5,400፣ ሌሎች ዳታ ሴንተሮቹ ያሉባት የጀርመኗ ፍራንክፈርት 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ፍራንክፈርት ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ 50 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺህኛ) ያስፈልገዋል። ይህም ገመዱ እንደ አሞራ ቀጥ ብሎ ቢሄድ ነው፤ የእኛ ግን ጅቡቲ ወርዶ፣ ቀይ ባሕርን አቋርጦ ወደ አውሮፓ የሚዞር በመሆኑ ትክክለኛውን ቁጥር የሚያውቀው ከቡሬ ሆኖ፣ ጠዋትም ማታም፣ ወደ ሁለቱም ፒንግ አድርጎ (አጭር መልእክት ልኮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ለክቶ) ያየ ሰው ብቻ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈለው የክላውድ ሒሳብ በዶላር ባይጨምርም እንኳ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስለዚህ ለትንሽ ቡድን አንድ ሰርቨር፣ አቅራቢው ራሱ የሚያስተዳድረው ዳታቤዝ፣ በሌላ ከተማ የሚቀመጥ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ይበቃል እላለሁ፤ ኩበርኔቲስ የሚባለው፣ በብዙ ሰርቨሮች ላይ የተበተኑ ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድረው ውስብስብ ሥርዓት ይቅርባቸው። (ወጣቶቹ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል።)

ይህን ሁሉ አስልቼ ሳበቃ ነው እህሉን የሚረከበው መጋዘን ሒሳብ ያዥ ትዝ ያሉኝ። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ በአንድ ጣት፣ እያንዳንዱን ፊደል ፈልገው ነው የሚተይቡት፤ እኔ የምቆጥብላቸው ሚሊሰከንድ "ኩንታል" ብለው እስኪጨርሱ ብዙ ሺህ ጊዜ ያልፋል። ደግሞም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ኬፕታውንም ፍራንክፈርትም እኩል የማይደረስባቸው ነበሩ። እንግዲያው መዝገቡ መጀመሪያ እዚያው መጋዘን ባለው ኮምፒውተር ላይ ተጽፎ፣ መስመር ሲገኝ ወደ ክላውዱ ቢላክ ይሻላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ተያዝሁ። ሁለት መጋዘኖች መስመር በሌለበት የአንዱን ገበሬ ርክክብ በየፊናቸው ቢያርሙት፣ ኢንተርኔት ሲመለስ የትኛው ይጽና? ኋላ የተጻፈው እንዳይባል፣ የሁለቱ ኮምፒውተሮች ሰዓት አይስማማም፤ ሁለቱም ይያዙ ቢባል ደግሞ ገበሬው ሁለት ጊዜ ይከፈለዋል። ማን ይዳኝ፣ ሶፍትዌሩ ወይስ ጋሼ?